ከሌንሱ ዓይነት በፊት የሌንሱ ቁጥር



ሞራ ለመገፈፍ ቀጠሮ የተያዘለት ሰው ባለበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ አይጠፋም፦ «የቱ ሌንስ ይሻላል?» ውጭ አገር ያሉ ልጆች ይደውላሉ፤ አንዱ ዘመድ «የአሜሪካኑን አስገቡለት» ይላል፣ ሌላው «የጀርመኑ ነው የሚያዋጣው» ብሎ ይመክራል፤ ዋጋው የከበደ ሌንስ እይታውም የተሻለ ይሆናል ተብሎ ይታመናል። መጠየቁስ ይገባል፤ ዓይን ውስጥ ገብቶ ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ነገር ነውና። ችግሩ ጥያቄው ከመሃል መጀመሩ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የመጣሁት ነገር አንድ ነው። ሞራ የተገፈፈ ሰው በደንብ ማየት አለማየቱን ከሌንሱ ዓይነትና ከተሠራበት አገር ይልቅ የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የሌንሱ ቁጥር በትክክል መለካቱ ነው። ሁለተኛው ያ ቁጥር ለየትኛው ርቀት እንዲሆን ከቀዶ ሕክምናው በፊት መወሰኑ ነው፤ ይህም ሰውየው ቀኑን ምን ሲያይ እንደሚውል ተጠይቆ የሚታወቅ ነው። ሁለቱ ከተሟሉ ርካሹም ሌንስ በሚገባ ያሳያል፤ ከጎደሉ ውዱም አያድንም።

ጉዳዩ ለእኛ አገር ቀላል አይደለም። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ማየት የተሳነው መሆኑን አሳይቷል፤ ከእነዚህ ሰዎች ግማሽ ያህሉን፣ 49.9 በመቶውን፣ ለዚህ የዳረገው ሞራ ነበር። ሞራ ማለት ከብሌናችን በስተጀርባ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ጥራቱን አጥቶ መደፍረሱ ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ ያወጣል፣ ሌንሱ የነበረበትን ስስ ከረጢት ግን ይተወዋል። ሌንሱ ከወጣ በኋላ ዓይን ብርሃንን የማሰባሰብ ኃይሉን አንድ ሦስተኛ ያህል ያጣል። ሰው ሠራሹ ሌንስ ከመምጣቱ በፊት ይህን ጉድለት የሚሞላው፣ ዳዮፕተር በሚባለው የሌንስ ኃይል መለኪያ 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ ወፍራም መነጽር ነበር። መነጽሩ ያዩትን ነገር ሁሉ በሩብ ያህል አግዝፎ ያሳያል፤ ግራና ቀኙን ያዛባል፤ የተሰበረ ዕለት ደግሞ ባለቤቱ እንደገና መሪ ይፈልጋል። ዛሬ በከረጢቱ ውስጥ የሚቀመጠው ሌንስ መሃሉ 6 ሚሊ ሜትር ያህል የሚሰፋ፣ በሁለት ቀጫጭን ክንዶች ተደግፎ የሚቆም ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። እያንዳንዱ ሌንስ በዳዮፕተር የሚነገር የራሱ ቁጥር አለው። ቁጥሩ በማሸጊያው ላይ ታትሞ ይመጣል፤ አንዴ ከገባ ወዲያ በቀላሉ የሚለወጥ አይደለም።

የሌንሱ ታሪክ ራሱ ለምለው ነገር የመጀመሪያው ምስክር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት አውሮፕላናቸው የተመታባቸው የእንግሊዝ አብራሪዎች የመቀመጫቸው ጥርት ያለ የፕላስቲክ ሽፋን እየተፈረካከሰ ስብርባሪው ዓይናቸው ውስጥ ይገባ ነበር። እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ይህ ስብርባሪ ዓይኑን ሳያስቆጣ ተቀምጦ እንደሚኖር አስተዋለ። ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሌንስ አሠርቶ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1949 ለንደን በሚገኘው ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በአንዲት ታካሚ ዓይን ውስጥ አስገባ። የፕላስቲኩ ምርጫ እጅግ የሰመረ ነበር፤ ያው ቁስ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይተከላል። የሌንሱ ኃይል ግን ከሚገባው በጣም በልጦ ተገኘ። ታካሚዋ ከ15 ዳዮፕተር በላይ ቅርብ ብቻ የሚያይ ዓይን ይዛ ቀረች፤ ያለ ጠንካራ መነጽር ከጥቂት ሴንቲ ሜትር ያለፈውን ነገር አጥርቶ የማያሳይ ዓይን ማለት ነው። የመጀመሪያው ሌንስ እንግዲህ በቁሱ የተዋጣለት፣ በቁጥሩ ግን የሳተ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሰባ ምናምን ዓመታት የሌንሶች ዓይነት በዝቷል፤ ሰውን በውጤቱ ቅር ከሚያሰኙት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ግን አሁንም ይኸው የቁጥር መሳት ነው።

ቁጥሩ የሚወጣው በዋናነት ከሁለት ልኮች ነው። አንዱ ከፊት ያለው ጥርት ያለ የዓይን ሽፋን፣ ኮርኒያ፣ ምን ያህል ጎበጥ እንዳለ የሚያሳየው ልክ ነው። ሁለተኛው ከኮርኒያው ፊት እስከ ኋላው ሬቲና ድረስ ያለው የዓይን ርዝመት ነው፤ በአማካይ 23.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። እነዚህ ልኮች ለዚሁ ተብሎ በተሰናዳ ቀመር ይሰላሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ኤስ አር ኬ ቲ የሚባለው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት እንደ ባሬት ያሉት ደግሞ በጣም ለረዘሙና በጣም ላጠሩ ዓይኖች የተሻለ ይጠጋሉ። የትኛውም ቀመር ግን ከተሰጠው ልክ የተሻለ መልስ ሊያወጣ አይችልም። በርዝመቱ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት ከተሠራ በእይታው ላይ ከ2.5 እስከ 3 ዳዮፕተር የሚደርስ ስህተት ይመጣል። ሩቅ እንዲያይ የታሰበለት ሰው ዓይኑ አጥሮ ከተለካ በዚህ ምክንያት ከ40 ሴንቲ ሜትር ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዝበታል፤ የልጁን ፊት ለመለየት መጠጋት ይኖርበታል። ሌንሱ ከየትኛውም ፋብሪካ ይምጣ፣ ምንም ያህል ይከፈልበት፣ ይህ አይቀየርም። ጫማ የሚገዛ ሰው ስለ ቆዳው ከመጠየቁ በፊት ቁጥሩን ይናገራል፤ ስለ ሌንስ ስንነጋገር ግን ቆዳውን አስቀድመን ቁጥሩን እንረሳለን።

ልኩ እንዴት እንደሚወሰድ ቀረብ ብለን እንየው፤ ስህተቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነውና። መለኪያው ሁለት ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አንደኛው መሣሪያ ዓይንን ሳይነካ በብርሃን ይለካል፤ እጅግ ትክክለኛ ነው። ሆኖም ብርሃኑ እስከ ሬቲና ደርሶ መመለስ አለበት። ሞራው ጠንክሮ ብሌኑ ነጭ ወይም ቡናማ እስኪሆን ድረስ የቆየ ሰው ዓይን ውስጥ ብርሃኑ አያልፍም። አገራችን ውስጥ ብዙ ታካሚ ወደ ሐኪም የሚደርሰው በዚህ ደረጃ ላይ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያው ባለበት ክሊኒክ እንኳ ወደ ሁለተኛው መለኪያ፣ ወደ አልትራሳውንድ፣ መሄድ ግድ ይሆናል። ባለሙያው የሚያደነዝዝ ጠብታ ያደርግና የብዕር መጠን ያላትን የመሣሪያ ጫፍ በኮርኒያው ላይ ያሳርፋል፤ ድምፁ ሄዶ ሲመለስ ርዝመቱ በመስኮቱ ላይ ይነበባል። እጁ ጥቂት ከበድ ካለ ግን ኮርኒያው ወደ ውስጥ ይገፋል፤ ዓይኑ ከእውነተኛ ርዝመቱ አጥሮ ይለካል። በዚህ መልክ የተሳሳተ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ሰውየውን 1 ዳዮፕተር ወደ ቅርብ ይጎትተዋል። መድኃኒቱ የሚታወቅ ነው፦ ልኩን ደጋግሞ ወስዶ መስማማቱን ማየት፣ ሁለቱንም ዓይን መለካት፣ በሁለቱ መካከል ከ0.3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ልዩነት ከታየ እንደገና መጀመር፣ ከተቻለም የመሣሪያው ጫፍ ኮርኒያውን ሳይነካ በውኃ ውስጥ ሆኖ በሚለካበት ዘዴ መሥራት። ይህ ሁሉ የሚጠይቀው የሠለጠነ እጅና ጥቂት ደቂቃ ነው። እንግሊዝ አገር ለሞራ ቀዶ ሕክምና የተቀመጠው መመዘኛ ከ100 ታካሚዎች ቢያንስ 85ቱ ከታለመላቸው ቁጥር በ1 ዳዮፕተር ወሰን ውስጥ እንዲያርፉ ነው። እዚያም ቢሆን ሁሉም ሰው በትክክል ያርፋል ተብሎ አይታሰብም፤ የሚሳተው ሰው ቁጥር እንዲያንስ ግን ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ ይጠየቃል።

አሁን ወደ ዋጋው ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ አንድ ሌንስ ከውጭ ለማስመጣት 100 ዶላር አካባቢ ይጠይቅ ነበር፤ በዚህ ዋጋ ለደሃ አገር ሕዝብ ሌንስ ማዳረስ የማይታሰብ ነበር። በ1992 በሕንድ ማዱራይ ከተማ የተቋቋመው አውሮላብ፣ በ1994 ደግሞ በአውስትራሊያዊው ሐኪም በፍሬድ ሆሎውስ ስም የተሰየመው ድርጅት አስመራ ላይ የከፈተው ፋብሪካ ዋጋውን ወደ 10 ዶላርና ከዚያም በታች አወረዱት። ርካሹ ሌንስ መናኛ ነው ወይ? ለዚህ ከኔፓል የመጣ አንድ ጥናት ጥሩ መነሻ ይሆነናል። ሐኪሙ ሳንዱክ ሩይትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጥናት 108 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ያለ ስፌት በእጅ በሚሠራው ርካሽ ዘዴ፣ ግማሹን ውድ ማሽን በሚጠይቀው ዘዴ አከሙ። ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም ወገን 98 በመቶው በመነጽር ተስተካክሎ ጥሩ የሚባል እይታ ነበረው፤ ያለ መነጽር ደግሞ በርካሹ ዘዴ 89 በመቶው፣ በውዱ 85 በመቶው እዚያው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ ነገር ልጨምር። ጥናቱ የመረመረው የቀዶ ሕክምናውን ዘዴ ነው፤ የተጠቀመበት የእይታ መመዘኛም ለጥቃቅን ልዩነት ሻካራ ነው። ስለዚህ የሌንስ ዓይነት ምንም ለውጥ አያመጣም ብዬ አልደመድምበትም። የሚያረጋግጥልን ግን ዋጋና ውጤት አብረው የማይወጡና የማይወርዱ መሆናቸውን ነው፤ በመለካቱና በሐኪሙ እጅ የሚታመን ቦታ በርካሽ ዕቃም ከውዱ እኩል ይሠራል።

ልኩ ትክክል ሆኖ ቢገኝም ሁለተኛው ጥያቄ ይቀራል፦ ቁጥሩ ለየትኛው ርቀት ይሁን? የወጣት ሰው የተፈጥሮ ሌንስ ሲፈለግ ወፈር፣ ሲፈለግ ቀጠን እያለ ሩቁንም ቅርቡንም ያጠራል። ባለ አንድ ርቀት የሚባለው መደበኛው ሰው ሠራሽ ሌንስ ግን እንደገባ ይቀራል፤ የሚያጠራው አንዱን ርቀት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዒላማው ሩቅ ይሆናል። ሰውየው መንገዱን፣ ሰውን፣ ከብቱን ያለ መነጽር ያያል፤ ለንባብ ከመንገድ ዳርም የሚገዛ 2.50 ቁጥር መነጽር ይበቃዋል። ለሹፌርና ለገበሬ ይህ ምርጫ ትክክል ነው። ግን ሽሮ ሜዳ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ድሩን ሲቀጥልና ማጉን ሲወረውር የሚውለውን ሸማኔ አስቡት፤ ጥልፍ የምትጠልፍ ሴትን፣ ማለዳ ዳዊት የሚደግሙ አባትን አስቡ። የእነዚህ ሰዎች ዓለም ክንዳቸው የሚደርስበት ነው። ዒላማው 2 ዳዮፕተር ወደ ቅርብ ቢደረግላቸው 50 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለውን፣ 2.5 ቢደረግላቸው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለውን ያለ መነጽር አጥርተው ያያሉ፤ መነጽር የሚያደርጉት ለመንገድ ብቻ ይሆናል። በተለይ ዕድሜውን ሙሉ ሩቁን በመነጽር እያየ ቅርቡን ግን መነጽሩን አውልቆ ሲያነብ የኖረ ሰው ሳይጠየቅ ለሩቅ ቢስተካከልለት፣ በሐኪሙ መዝገብ ቀዶ ሕክምናው የሰመረ ይሆናል፤ እርሱ ግን «ማንበቢያዬን ወሰዱብኝ» ብሎ ያዝናል። የተጓደለው ሌንሱ አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ነው።

መነጽርን በእጅጉ ለመቀነስ ለሚሻ ሰውም በዚሁ ተራ ሌንስ የሚሠራ መንገድ አለ። አንደኛው ዓይን ለሩቅ፣ ሌላኛው ከ1.25 እስከ 1.5 ዳዮፕተር ያህል ወደ ቅርብ ይደረጋል። አእምሮ ሁለቱን አዋህዶ ይለማመዳል፤ ሰውየው መንገዱንም፣ የስልኩን ቁጥርም፣ ሳህኑ ላይ ያለውንም ያለ መነጽር ያያል፤ ለደቃቅ ጽሑፍ ግን መነጽር አይቀርለትም። ሁሉም ሰው አይለምደውም፤ ሁለቱም ዓይኖች ደህና መሆን አለባቸው፣ ሁለቱም መሠራት አለባቸው። ይልቁንም እዚህ ላይ የልክ ትክክለኛነት የበለጠ ይፈለጋል፤ በሁለቱ ዓይኖች መካከል የታሰበው ትንሽ ልዩነት በስህተት ወደ 3 ዳዮፕተር ከሰፋ ምቾቱ ወደ ራስ ምታት ይለወጣልና። ከሌንሱ ላይ ተጨማሪ ዋጋ ግን አይጠይቅም።

እዚህ ላይ የሚነሳብኝን ዋና ተቃውሞ አውቃለሁ። «መልቲፎካል የሚባለው ሌንስ እያለ፣ ሩቁንም ቅርቡንም በአንድ ጊዜ የሚያሳይ ነገር ተሠርቶ እያለ፣ ሰውን ከአንድ ርቀት ጋር ማሰር ለምን?» ይባላል። መልካም ጥያቄ ነው፤ ጥቅሙም የማስታወቂያ ወሬ ብቻ አይደለም። ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ማስረጃዎችን የሚያጠናቅር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ጥንቅር እነዚህ ሌንሶች የቅርብ እይታን እንደሚያሻሽሉና ብዙ ሰዎችን ከመነጽር እንደሚያላቅቁ አሳይቷል። ግን ጥቅሙ የሚመጣው በምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ሌንሱ የገባውን ብርሃን ይከፋፍለዋል፤ ከፊሉን ለሩቅ፣ ከፊሉን ለቅርብ ይሰጣል፣ ጥቂቱም ለሁለቱም ሳይሆን ባክኖ ይቀራል። በዚህ ምክንያት ያው ጥንቅር ሁለት ጉዳቶችን መዝግቧል፦ በመብራት ዙሪያ የሚታይ የብርሃን ቀለበትና ነጸብራቅ፣ እንዲሁም ግራጫውን ከግራጫ የመለየት አቅም መቀነስ። ማታ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚነዳ ሰው ከፊት የሚመጣው የመኪና መብራት ሁሉ ቀለበት ሠርቶ ይመጣበታል፤ ሌሊት ማሕሌት የሚቆም ሰው ጧፉ ሁሉ ዙሪያው ተበትኖ ይታየዋል፤ ደረጃ የሚወርድ አዛውንት በደብዛዛ ብርሃን የደረጃውን ጠርዝ መለየት ይቸግረዋል። ብዙዎች ከጊዜ ጋር ይለምዱታል፤ የማይለምደው ግን ሌንሱን ለማስወጣት ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም፣ ናይስ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ሞራ ለሚገፈፉ ሰዎች መልቲፎካል ሌንስ እንዳይቀርብ መከሩ ይህን ሁሉ መዝኖ ነው። ደግሞ መልቲፎካል ገብቶላቸው ካዘኑት ሰዎች ቅሬታ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ምን ሆኖ ተገኘ? ከታለመው የተዛነፈ ቁጥር። ብርሃንን የሚከፋፍል ሌንስ የቁጥር ስህተትን ይቅር አይልም፤ ውዱ ሌንስ ከርካሹ ይልቅ ትክክለኛ ልክ ይፈልጋል።

የእኛ አገር ዓይኖች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። መልቲፎካል የሚመከረው ከሞራው በቀር ሌላ ሕመም ለሌለው ዓይን ነው። ቀድሜ የጠቀስኩት የ1998ቱ ጥናት ትራኮማ በኮርኒያ ላይ የሚተወው ጠባሳ ለ11.5 በመቶው ዓይነ ስውርነት ምክንያት መሆኑን አሳይቷል፤ ዓይነ ስውር ሳያደርግ ኮርኒያን ያጎረበጠው ደግሞ ከዚህ ውጭ ነው። የዓይን ግፊት የምንለው ግላኮማ አስቀድሞ ግራጫውን ከግራጫ የመለየት አቅምን ይበላል፤ በዚያ ላይ ብርሃን የሚከፋፍል ሌንስ መጨመር በድካም ላይ ድካም ነው። ሦስተኛው ብዙም የማይነገርለት ነው። በአንዳንድ አዛውንቶች ዓይን ውስጥ ትቢያ መሳይ ነጭ ቅንጣት በሌንሱ ላይ ይከማቻል፤ ሌንሱን አንጠልጥለው የያዙትን ስስ ክሮች ያዳክማል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሞራ ሊገፈፉ ከመጡ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎች ከ3ቱ ከ1 በላይ በሆኑት ላይ ይህን አግኝቷል። ክሮቹ ሲደክሙ ሌንሱ ከጊዜ በኋላ ከመሃል ሊንሸራተት ይችላል። ባለ አንድ ርቀት ሌንስ ጥቂት ቢንሸራተት እይታው ብዙ አይጎዳም፤ መልቲፎካል ግን መሃሉን ከሳተ የተሠራበትን ዓላማ ስቷል።

ቶሪክ የሚባለው ሌንስ ጉዳይ ለየት ይላል፤ እኔም ከመልቲፎካሉ ጋር አልደምረውም። የአንዳንድ ሰው ኮርኒያ በአንድ አቅጣጫ ይበልጥ ይጎብጣል፤ ይህ አስቲግማቲዝም ይባላል። በርከት ካለ፣ ለምሳሌ 2 ዳዮፕተርና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ያለ መነጽር ሩቁም ቅርቡም ይንሻፈፋል፤ ተራው ሌንስ ይህን አያርምም፣ ቶሪኩ ያርማል። ስለዚህ ኮርኒያው ንጹሕና ጉብጠቱ ወጥ ለሆነ ሰው፣ ገንዘቡም ካለ፣ ተጨማሪው ክፍያ የሚያስቆጭ አይደለም። እርሱም ግን መልሶ ወደ ልክ ይወስደናል። ሌንሱ በትክክለኛው አቅጣጫ መቀመጥ አለበት፤ ከአቅጣጫው በ1 ዲግሪ ሲዞር 3 በመቶ ያህል እርማቱን ያጣል፣ በ10 ዲግሪ አንድ ሦስተኛውን፣ በ30 ዲግሪ ሁሉንም። አቅጣጫው በጥንቃቄ ያልተለካበት ቶሪክ ሌንስ የተከፈለበትን ገንዘብ ዋጋ አይመልስም። በትራኮማ ጠባሳ የተጎረበጠ ኮርኒያን ደግሞ ቶሪክም አያቃናውም።

«ይህ ሁሉ ለደሃ ይበቃዋል የማለት ዘዴ ነው» የሚለኝ ይኖራል። አይደለም። የጠቀስኩት መመሪያ የወጣው ሀብታም አገር ውስጥ ነው፤ እዚያም ለሰፊው ሕዝብ የሚተከለው ባለ አንድ ርቀት ሌንስ ነው። የሌንስ ጥራት ልዩነት የለውም ማለቴም አይደለም። ከሌንሱ ጠባዮች ውስጥ አንዱ፣ በተለይ ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው፣ ልብ ሊባል ይገባዋል፤ እርሱም የጠርዙ ቅርጽ ነው። ቀዶ ሕክምናው ካለፈ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሌንሱን የያዘው ከረጢት የኋላ ግድግዳ ሊደፈርስ ይችላል፤ ሰው «ሞራዬ ተመለሰ» የሚለው ይህን ነው። ጠርዙ ስል አራት ማዕዘን የሆነ ሌንስ ጠርዙ ክብ ከሆነው ይልቅ ይህን ድፍርስ ይከላከላል። ከተማ ያለ ሰው በጥቂት ደቂቃ የሌዘር ሕክምና ይጸዳለታል፤ የሌዘር መሣሪያ በሌለበት ወረዳ ያለ ገበሬ ግን ያንኑ መንገድ እንደገና ሊጓዝ ነው። ስለዚህ የጤና ተቋማትና ለጋሾች ሌንስ በጅምላ ሲገዙ ጠርዙን ቢጠይቁ ተገቢ ነው፤ ዋጋውም ብዙ አያንርም። ሰማያዊ ብርሃን ያጣራል እየተባለ የሚሸጠው ቢጫ ሌንስ ግን ሬቲናን እንደሚጠብቅ በጥናት አልተረጋገጠም፤ ለእርሱ ተብሎ ተጨማሪ ገንዘብ አይከፈልም።

ሌላው ተቃውሞ ከሐኪሞች በኩል የሚመጣ ነው። «በዘመቻ በአንድ ሳምንት ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ይሠራል፤ የእያንዳንዱን ኑሮ እየጠየቁ፣ እየደጋገሙ እየለኩ የሚያደርሱት አይደለም፤ ዋናው ከጨለማ መውጣቱ ነው» ይላሉ። ከጨለማ መውጣቱ በእርግጥ ዋናው ነው፤ ዘመቻዎቹ የሠሩትን ታላቅ ሥራ የሚያሳንስ ቃል ከእኔ አይወጣም። ነገር ግን ሳይለኩ ለሁሉም 21 ወይም 22 ቁጥር የሚያህል አማካይ ሌንስ መትከል ምን እንደሚያስከትል አስሉት። 25 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ዓይን 3 ወይም 4 ዳዮፕተር ወደ ቅርብ ይሳባል፤ 22 ሚሊ ሜትር የሆነው ደግሞ በተቃራኒው ሄዶ ሩቁንም ቅርቡንም ያለ መነጽር አጥርቶ አያይም። ከሆስፒታሉ ርቆ ወደ መንደሩ ለሚመለስ ሰው መነጽር ሄዶ የማስተካከል ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ ልክ የሚያስፈልገው ከባለ ገንዘቡ ይልቅ ለእርሱ ነው። በእጅ የሚያዙ የኮርኒያና የርዝመት መለኪያዎች በሻንጣ ይጓዛሉ፤ ልኩም ቀዶ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ባለው ቀን በረዳት ባለሙያ ሊወሰድ ይችላል። «ሥራዎ ምንድን ነው? መነጽርስ ያደርጉ ነበር?» ብሎ ለመጠየቅ ደግሞ የሚጠፋው ጊዜ ካርድ ከመጻፍ አይበልጥም። «ሐኪሙ ያውቃል፣ ታካሚው ምን ያውቃል» የሚለውም እዚህ ላይ አይሠራም። ሐኪሙ ዓይኑን ያውቃል፤ ዓይኑ ቀኑን ሙሉ ምን ሲያይ እንደሚውል የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነው።

ወላጆቻቸውን አሜሪካ ወስደው ለሚያሳክሙ ልጆችም አንድ ቃል አለኝ። የአሜሪካ የአረጋውያን የጤና መድን፣ ሜዲኬር፣ ባለ አንድ ርቀት ሌንስን ይሸፍናል። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለመልቲፎካል ዓይነቱ፣ ከ2007 ጀምሮ ለቶሪኩ፣ ልዩነቱን ታካሚው ከኪሱ እንዲከፍል ተፈቅዷል። ልዩነቱ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ክሊኒኩም ከዚሁ ያተርፋል። ስለዚህ ምክሩን የሚሰጠው ወገን ሻጭም እንደሆነ እያወቁ መስማት ይገባል። ለእናት የሚከፈል ገንዘብ ለፍቅር መለኪያ ሆኖ ስለሚታይ «ከሁሉ ውዱን» ማለት ይቀላል። ነገር ግን እናቲቱ ግላኮማ ካለባቸው፣ ወይም ጊዜያቸውን በደብዛዛ ብርሃን የሚያሳልፉ ከሆነ፣ ውዱ የተሻለው አይደለም። አገር ቤት ላለው ወላጅም ገንዘብ የሚልክ ልጅ መጀመሪያ ገንዘቡን በጥሩ መሣሪያ፣ በሠለጠነ እጅ፣ ሁለት ጊዜ ለሚወሰድ ልክ ያውለው፤ ከዚያ የተረፈው ለሌንሱ ዓይነት ይሁን።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር በተግባር ይህን ይመስላል። ቀጠሮ ያለው ሰው ሐኪሙን አስቀድሞ ይጠይቅ፦ ዓይኔ የተለካው በምንድን ነው? ሁለቱም ዓይኖቼ ተለክተው ተመሳከሩ ወይ? ዒላማው ለስንት ሜትር ነው? ከሞራው ሌላ በኮርኒያዬ፣ በዓይን ግፊቴ፣ በሬቲናዬ ላይ የታየ ነገር አለ? ስለ ሌንሱ ዓይነት የሚጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምናው ሲያበቃ ደግሞ ከሌንሱ ማሸጊያ ጋር የሚመጣው፣ ስሙና ቁጥሩ የተጻፈበት ተለጣፊ ወረቀት በካርዱ ላይ ተለጥፎ ይሰጠው፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ስለ ዓይኑ የሚመሰክርለት እርሱ ነው። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ተመልሶ ይታይ፤ ቀሪው የመነጽር ቁጥሩ ይለካና ይጻፍ። ይህ ለእርሱ መነጽር ከመስጠት ያለፈ ጥቅም አለው፤ የመጀመሪያው ዓይን ከታለመው በምን ያህል እንደተዛነፈ ከታወቀ የሁለተኛው ዓይን ሌንስ ቁጥር በዚያ መሠረት ሊታረም ይችላል። ሆስፒታሎቻችን ስንት ሰው እንደሠሩ ይቆጥራሉ፤ መልካም ነው። ከታለመው ቁጥር በ1 ዳዮፕተር ውስጥ ስንቱ እንዳረፈም ቆጥረው በየዓመቱ ለሕዝብ ይንገሩ። ያን ቁጥር ለማሻሻል የሚገዛ መለኪያና የሚሠለጥን ባለሙያ፣ በየዓመቱ ከሚመጡት አዳዲስ የሌንስ ዓይነቶች ሁሉ ይልቅ ለኢትዮጵያ ዓይን ይጠቅማል።